«እየሄደ አይደል እንዴ?»፦ ስለ ክለብ ፉት፣ ስለ ብሬስ እና ተመልሶ ስለሚጣመም እግር

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ልጁ ብሬስ የሚያደርግ ወላጅ ግን እስከ መጨረሻው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ በሩን ራሱ ገፍቶ ገባና ሮጦ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳ። ተጫዋች ነው፣ ደስ ይላል። የእኔ ዓይን ግን እግሩ ላይ ነበር። ቀኝ እግሩ መሬት ሲረግጥ በውጭ ጠርዙ ነው፤ ተረከዙም ሙሉ በሙሉ አያርፍም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል።

እናትየው ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ብሬሱ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ጫማ በአንድ ብረት የተያያዘ። ጫማው አዲስ ይመስላል። የማሰሪያው ቆዳ እንኳን በቅጡ አልተጣጠፈም። ገና ምንም ሳልጠይቃት «ዶክተር፣ እየሄደ አይደል እንዴ ብለን ነው የተውነው» አለችኝ።

ይህቺን «እየሄደ አይደል እንዴ» ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። አያት ትላለች፣ አባት ይላል፣ ጎረቤት ይላል። በክፋት የሚላት ሰው የለም። እንደውም በደስታ ነው የምትባለው። ግን ብዙ የተስተካከለ እግር ተመልሶ የሚጣመመው ከዚህች አባባል በኋላ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ክለብ ፉት ማለት ሕፃኑ ሲወለድ አንዱ ወይም ሁለቱም እግሩ ወደ ውስጥና ወደ ታች ተጠማዞ የሚገኝበት ሁኔታ ነው፤ ቆልማማ እግር የምንለው። ከ1,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል። ወንዶች ላይ በእጥፍ ይበዛል፣ ግማሽ በሚሆኑት ደግሞ ሁለቱም እግር ነው። አገራችን ውስጥ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉና ቁጥሩን እናንተ አስሉት።

እናቶች፣ አንድ ነገር ደግሜ ልንገራችሁ። በእርግዝና ጊዜ ከባድ ዕቃ ስላነሳችሁ አይደለም። አተኛኘታችሁ ስላላማረ አይደለም። ሰው ስለረገማችሁም አይደለም። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ምክንያቱ ተለይቶ አይታወቅም፤ በአንዳንድ ቤተሰብ በዘር ይመጣል፤ በጥቂቶች ላይ ደግሞ እንደ ጀርባ አጥንት ክፍተት ካለ ሌላ ችግር ጋር አብሮ ይታያል። እናት ያጠፋችው ነገር የለም። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ጥፋተኛ ነኝ ብላ የምታምን እናት ልጇን ትደብቃለች፣ የተደበቀ ልጅ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል።

ሕክምናው ፖንሴቲ ይባላል። ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ የሕፃኑን እግር በእጁ በእርጋታ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ይመልስና በጀሶ ያስረዋል፤ ከእግር ጣት እስከ ጭን ድረስ። በሳምንቱ ጀሶው ይፈታል፣ እግሩ ትንሽ ይቃናል፣ እንደገና ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ከዚያ አብዛኞቹ ልጆች ላይ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ስለሚያጥር በአካባቢ ማደንዘዣ በትንሹ ይቆረጥና የመጨረሻው ጀሶ ለ3 ሳምንት ይቆያል። ጅማቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ረዝሞ ይገጥማል። ሲፈታ እግሩ ቀጥ ብሏል። ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እልል ይባላል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ሥራ የሚጀምረው። ቤተሰቡ ግን ያለቀ ይመስለዋል።

ስለ ዘዴው ባለቤት ትንሽ ልበል፣ ደስ የሚል ታሪክ ስላለው። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔን ሚኖርካ ደሴት የተወለዱ፣ አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ሐኪም ናቸው። በዘመናቸው ክለብ ፉት በትልቅ ቀዶ ሕክምና ይስተካከል ነበር። እግሩ ቀጥ ይላል፤ ልጁ ሲያድግ ግን እግሩ ደርቆ ያምመዋል። እሳቸው በ1940ዎቹ መጨረሻ በጀሶ መሥራት ጀመሩ፣ በ1963 ውጤቱን አሳተሙ፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት የሚሰማቸው ጠፋ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት ሲስፋፋ ወላጆች ራሳቸው እየተጻጻፉ፣ የልጆቻቸውን ፎቶ እየተላላኩ ወሬውን አዳረሱት፤ ሐኪሞቹ በኋላ ነው የተከተሉት። ፖንሴቲ በ2009 አረፉ። የልደታቸው ቀን ጁን 3፣ በእኛ ግንቦት 26፣ ዛሬ የዓለም የክለብ ፉት ቀን ሆኖ ይታሰባል። እንግዲህ ስልካችሁ ላይ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ይህ ሕክምና እዚህ የደረሰው እንደ እናንተ ባሉ ወላጆች ነው።

ወደ ብሬሱ እንመለስ።

ብሬሱ እግር አያቃናም። ያቃናው ጀሶው ነው። ብሬሱ የተቃናውን ይይዛል። እግሩን ያጣመመው ዝንባሌ ጀሶው ሲፈታ አብሮ አይጠፋም፤ በጡንቻውና በጅማቱ ውስጥ አለ። ልጁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ያድጋል። እግር ባደገ ቁጥር ያ ዝንባሌ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ብሬሱ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው፤ ልጁ ተኝቶ እያደገ እያለ እግሩን በተስተካከለበት ቦታ ዘርግቶ ያቆየዋል። ልጁ መሄዱ ይህን አይተካም። መራመድ ብቻውን እግርን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ እኛም ብሬስ ባላዘዝን።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት። አንዷ ሰዓት ለመታጠቢያና እግሩን ነጻ አድርጎ ለማንፈራገጥ ናት። ከዚያ በኋላ ማታና ቀን ሲተኛ ብቻ፤ በድምሩ ከ12 እስከ 14 ሰዓት። ይህ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ይቀጥላል። አዎ፣ ብዙ ነው። አውቃለሁ። ግን አስተውሉት፤ ከ3 ወር በኋላ ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ነጻ ነው። ይጫወታል፣ ይሮጣል፣ ሙአለ ሕፃናት ሲገባ ብሬስ እንዳለው ማንም ላያውቅ ይችላል።

አንዱ እግር ብቻ ታሞ «ለምን ደህነኛውም ይታሰራል?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ብረቱ ሁለቱን ካላያያዘ የታመመውን እግር ወደ ውጭ ዞሮ እንዲቆይ የሚያደርገው ነገር ስለሌለ ነው። የታመመው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ደህነኛው ከ30 እስከ 40። ማዕዘኑን የምናስተካክለው እኛ ነን። «ወደ ውጭ በጣም ዞረበት፣ አሳዘነኝ» ብላችሁ ብሎኑን ፈትታችሁ ቀጥ አታድርጉት። አንድ አባት በቅንነት እንዲህ አድርጎ አይቻለሁ፤ ልጁ በየቀኑ ብሬስ እያደረገ እግሩ ግን ይመለስ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ልጁ ያለቅሳል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን። እግሮቹን ለየብቻ ማንፈራገጥ ለምዶ ድንገት አንድ ላይ ታሰሩበት፤ ቢያለቅስ አይፈረድበትም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ብረቱ ግድግዳውን ሲመታ ጎረቤት ይቀሰቀሳል። አያት ከሌላው ክፍል ትመጣለች፤ «ምነው ልጁን አሰቃያችሁት!» ትላለች። እናት ትፈታዋለች። ልጁ ዝም ይላል፣ ይተኛል።

ምን ተማረ? ካለቀስኩ ይፈታል። በማግስቱ ማታ ከትናንቱ የበለጠ ያለቅሳል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ሲያለቅስ ፍቱና እግሩን እዩ፤ ጨክናችሁ ተዉት አልልም። ቆዳው ደህና ከሆነ፣ ተረከዙ በትክክል ከገባ፣ ወዲያው መልሳችሁ እሰሩትና እቀፉት። ለቅሶውን የሚያስቆመው እቅፋችሁ ይሁን። ቀን ላይ ደግሞ ብሬሱ እንደታሰረ አጫውቱት። ብረቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ሁለቱንም ጉልበት አንድ ላይ እጥፍ፣ ዘርጋ እያላችሁ ዝፈኑለት። ሁለቱን እግር አንድ ላይ ማንቀሳቀስ የገባው ልጅ ብሬሱን ይረሳዋል። ብረቱን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ጠቅልሉት፤ ለልጁም፣ ለግድግዳውም፣ ለእናንተ ግንባርም ይጠቅማል።

አንቀልባን በተመለከተ፣ ብሬሱ ታስሮ ማዘል አይመችም፣ ብረቱ አያስኬድም። በዚያ ጊዜ ማቀፍ ነው። ነጻ በሆነባቸው ሰዓታት ግን እንደ ልባችሁ እዘሉት።

አስተሳሰሩ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ልጄ ብሬስ እምቢ አለ» ከሚሉኝ ወላጆች ብዙዎቹ ጋ ችግሩ አስተሳሰሩ ነው። ንጹሕ የጥጥ ካልሲ አድርጉለት፣ ጫፉ ሳይጨማደድ። ጉልበቱን አጠፍ አድርጋችሁ ተረከዙን ወደ ታችና ወደ ኋላ ግፉት። ከዚያ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለችውን የመሃል ማሰሪያ አጥብቁ፤ ተረከዙን የምትይዘው እሷ ናት። ጫማው ከኋላ ቀዳዳ ካለው በቀዳዳው ተረከዙን እዩ፣ ከሌለው ደግሞ ቅልጥሙን ይዛችሁ በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጉ፤ ጣቶቹ ወደፊትና ወደኋላ ከተንሸራተቱ አልጠበቀም ማለት ነው፣ አንድ ቀዳዳ ጨምሩ። ብዙ ወላጅ እንዳያመው ፈርቶ ያላላዋል። የሚጎዳው ግን የላላው ነው፤ እግሩ ውስጡ እየተንሸራተተ ቆዳውን ይፍቀዋል፣ ውሃ ይቋጥራል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩን በቀን ደጋግማችሁ እዩ። ፈዘዝ ያለ መቅላት ቶሎ ከጠፋ ችግር የለውም። ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚቆይ፣ በተለይ ተረከዝ ላይ፣ ወይም ውሃ የቋጠረ ከሆነ እኛ ጋ አምጡት። የቀላው ላይ ቅባት አትቀቡ፤ ቆዳውን ያለሰልሰውና ይብሳል። ቁስሉ እስኪድን ብላችሁም በራሳችሁ ውሳኔ ሳምንት አታሳርፉት። ደውሉ።

ቤት ውስጥ ሕፃኑን የሚይዘው ሁሉ ማሰሩን ይማር። ይህን በተለይ ለከተማ ወላጆች ነው የምለው። እናት ሥራ ትገባለች፣ ቀን ልጁን የምታስተኛው ሠራተኛዋ ወይም አያቱ ናት። ለሞግዚቷ በቪዲዮ ቀርጻችሁ ስጧት። ክሊኒክ ስትመጡም ይዛችኋት ኑ፤ እኛ ደስ ይለናል። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ደግሞ ብሬሱ ከልብሱ በፊት ሻንጣ ይግባ። «በዓሉን አሳልፈን እንጀምራለን» የተባለ ብሬስ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። ጸበል የምትወስዱም ውሰዱት፤ ስትመለሱ እግሩን አድርቃችሁ ብሬሱን እሰሩ። ወጌሻ ግን አደራ፣ እግሩን በጉልበት አያስጠምዝዝላችሁ። የሕፃን እግር አጥንት ገና ለስላሳ ነው፤ ያለ ቦታው የተገፋ እግር መሃሉ ላይ ይሰበርና ውስጥ እግሩ እንደ ጀልባ ይጎብጣል።

ጫማ ያንሳል። ሕፃን በጥቂት ወራት ውስጥ ጫማውን ይጥላል፣ ስለዚህ ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ አልፈው ከታጠፉ አዲስ ቁጥር ጠይቁ። የብረቱም ርዝመት ከልጁ ትከሻ ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት፤ ሲያጥር ልጁ ይነጫነጫል። «ስድስት ወር ለምዶት ድንገት ጠላው» ስትሉኝ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

መመለስ ሲጀምር እንዴት ይታወቃል?

ልጁ አይነግራችሁም፣ መጀመሪያ ላይ አያመውምና። እናንተ ናችሁ የምታዩት። የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ብሬሱ ላይ ነው፤ ድሮ ደህና ይገባ የነበረ ተረከዝ እየሾለከ መውጣት ይጀምራል። ወላጅ «ተንኮለኛ ሆነ፣ ማውለቅ ለመደ» ይላል። ልጁ ተንኮል የለውም፣ ተረከዙ ወደ ላይ መሳብ ጀምሮ ነው። እንዲህ ካያችሁ ማሰሪያ ከማጥበቃችሁ በፊት አሳዩት።

ሁለተኛው፣ ለሚሄድ ልጅ፣ ቁጢጥ ማለት ነው። ኳስ መሬት ላይ አስቀምጡለትና ቁጢጥ ብሎ ሲያነሳ ተረከዙን እዩ። ሁለቱም መሬት ላይ ካረፉ ጥሩ ነው። አንዱ ከተነሳ፣ ወይም ልጁ ቁጢጥ ማለት ትቶ ጎንበስ ብቻ የሚል ከሆነ፣ አምጡት። ጫማውንም ገልብጡና ሶሉን ተመልከቱ፤ የአንዱ እግር ውጭ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ልጁ በዚያ በኩል እየረገጠ ነው። ከፊት ሆናችሁ ወደ እናንተ እንዲመጣ ጥሩት፤ እግሩን ሲያነሳ ውስጥ እግሩ ወደ ሌላኛው እግር ዞሮ ከታያችሁ ይህም ምልክት ነው። በስልክ ቅረጹት። ክሊኒክ ውስጥ አፍሮ አልሄድ የሚል ልጅ ስንት አለ መሰላችሁ፤ የናንተ 20 ሰከንድ ቪዲዮ ትልቅ ነገር ትነግረናለች።

ብሬሱን በትክክል እያደረጉም የሚመለስባቸው ልጆች አሉ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አንዳንዱ እግር ከሌላው የጠነከረ ነው፤ በተለይ ከሌላ ሕመም ጋር የመጣው። ስለዚህ ልጇ የተመለሰበትን እናት ገና ከበሩ «ብሬስ አላደረግሽም» ብሎ መቀበል ነውር ነው፤ እኛ የጤና ባለሙያዎች ይህን እናደርጋለን። ብሬስ አለማድረግ ዋናው ምክንያት መሆኑ ግን እውነት ነው። የተቆጣች እናት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አትመጣም፣ ወይም «አዎ፣ አድርጌያለሁ» ብላ ትዋሻለች። ውሸቷን የምንሠራላት እኛው ነን። ወላጆች፣ ካላደረጋችሁ «አላደረግንም» በሉን፤ ሕክምናው የሚወሰነው በእሱ ላይ ነው።

ከተመለሰስ? ቶሎ ከተያዘ ወደ ጀሶ እንመለሳለን። ለብዙዎቹ ጥቂት ጀሶ፣ አንዳንዴም የተረከዙን ጅማት ዳግም መቁረጥ፣ ከዚያ ብሬሱ እንደገና። ልጁ 3 ዓመት አካባቢና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲራመድ እግሩ እየተገለበጠ ካስቸገረ ሌላ መንገድ አለ። እግሩን ወደ ውስጥ የሚስበውን የፊት ጡንቻ ጅማት ከቦታው አንስተን ወደ እግሩ መሃል እናዛውረዋለን፤ ያኔ ያው ጡንቻ እግሩን ቀጥ አድርጎ ያነሳዋል። ከዚያ በፊት ግን እግሩ በጀሶ ለስልሶ መቃናት አለበት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 6 ሳምንት ያህል ጀሶ አለ፣ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ብሬስ አያስፈልግም። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ወራት ጀሶ ግን ይከብዳል። ለዓመታት ተትቶ የደረቀ እግር ደግሞ አጥንት እስከመቁረጥ ሊያደርስ ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አለ፤ በክልል ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎችም የክለብ ፉት ክሊኒኮች አሉ። በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ሄዳችሁ የኦርቶፔዲክ ወይም የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን «የፖንሴቲ ሕክምና የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ጀሶ ላይ እያለ የ40 ወይም የ80 ቀን ክርስትና ከደረሰባችሁም ቀድማችሁ ንገሩ፤ የጀሶውን ቀጠሮ ከቀኑ ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ኳስ ይጫወታል ወይ ለምትሉ አባቶች ደግሞ፣ ሁለት የዓለም ዋንጫ ያነሳችው አሜሪካዊቷ ኳስ ተጫዋች ሚያ ሃም በክለብ ፉት ነው የተወለደችው። በሉ ተዉኝ።

ያቺ እናትስ? አልተቆጣኋትም። «መቼ ተዋችሁት?» አልኳት። ዓመት ከሁለት ወሩ ላይ፣ መሄድ በጀመረ በሳምንቱ። አያቱ አብረው መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበርና አስገባኋቸው። «እማማ፣ እስቲ የልጁን ተረከዝ በእጅዎ ይንኩት» አልኳቸው። ነኩት። ከዚያ የግራውን፣ ደህነኛውን አስነካኋቸው። ግራው ላይ የተረከዙ አጥንት ሙሉ ሆኖ እጅ ላይ ያርፋል፤ ቀኙ ላይ ባዶ ነው፣ አጥንቱ ወደ ላይ ሸሽቷል። እጃቸውን ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ቆዩና «ወይኔ ልጄን፣ እኔ ነኝ ተዉት ያልኩ» አሉ።

ሦስት ጀሶ አደረግንለት። ሁለተኛው ላይ እስክሪብቶዬን ይዞብኝ ሄዷል። ተረከዙ ወርዷል፣ አዲስ ቁጥር ጫማ ተሰጥቶታል። ማታ ማታ ብሬሱን የሚያስሩለት አያቱ ናቸው፤ እናቱ እንደነገረችኝ እሷ ስታስር «አላጠበቅሽውም» ብለው ፈትተው ድጋሚ ያስሩታል። ቀጠሮው ከ3 ወር በኋላ ነው።